ያልተንቀሳቀሰው ትል

ኢሶቤ ጌንዞ የተገኘው በገዛ መጋዘኑ ውስጥ፣ ዓሣ መክተፊያው ጠረጴዛ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነው። ትልልቅ ዓሣ የሚጎተትበት ሜንጦ ማጅራቱ ውስጥ እንደተሰካ ቀርቷል። ገዳዩ ከዚያ በፊት ደጋግሞ መትቶታል፤ ከቀኝ ጆሮው በላይ የራስ ቅሉ ጎድጉዷል። ደሙ በሲሚንቶው ቦይ ወርዶ ከትናንት የዓሣ ደምና ቅርፊት ጋር ረግቷል።

የካዛኡራ ወደብ ፖሊስ የሆነው ናካዛቶ ዮሺሃሩ በሥራው ዘመን ባሕር የተፋውን ሬሳ ብዙ አይቷል። የጌንዞን ትከሻ ይዞ ሲገለብጠው ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሟቹ አፍ እስከ ጥርሱ ድረስ በዓሣ ሆድ ዕቃ ተጠቅጥቋል። ከተጠቀጠቀው መሃል ክር የሚያካክሉ ነጫጭ ትሎች ወደ ከንፈሩ ይሳባሉ።

በሩ ላይ ከተሰበሰቡት ዓሣ አጥማጆች አንዱ «ሠራተኛው ቶራኪቺ ነው የገደለው» አለ። «ሜንጦውም የሱ ነው። እጀታው ላይ የጠመጠመው ቀይ ጨርቅ ይኸው።»

ሌላው «አፉንም የሞላው እሱ ነው፤ ትናንት የተደረገበትን መለሰለት» አለ።

 ትናንት ማታ የሆነውን መንደሩ ሁሉ እንደሚያውቀው ናካዛቶም ያውቀዋል። በሩን ዘግቶ ከከተማ መርማሪ እስኪመጣ መጋዘኑን ሲጠብቅ አረፈደ።

የመጣችው ኢንስፔክተር ካጂዋራ ሹኮ ናት። አጭር፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ሴት። ሬሳውን ዞራ ዞራ አየች፤ ተንበርክካ ከሟቹ ከንፈር አንድ ትል በወረቀት ጫፍ አነሳችና ሲጠመዘዝ ለአፍታ ተመለከተችው።

«ሕያው ነው» አለች። «ባለቤቱ የት ናት?»

ሀሩኤ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ቤት፣ ባዶ ወለል ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ጉንጯ ላይ ወደ ቢጫነት ያደላ ሰንበር አለ። ግራ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ከታ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች።

ሹኮ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ባለቤትዎ ከቤት የወጣው መቼ ነው?»

«ገና ሳይነጋ። ትናንት የመጣው ዓሣ ሳይከፈት አድሮ ነበር። ‹ትሉ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ያዋርደኛል› እያለ ሲሳደብ ወጣ።»

«ጩኸት አልሰሙም?»

«ጌንዞ ሁልጊዜ ይጮኻል። ብሰማ ኖሮም ‹ደግሞ ማንን ያዘ?› ነበር የምለው።»

«ጉንጭዎ ላይ ያለው የትናንት ነው?»

«እሱ የባለፈው ሳምንት ነው» አለች ሀሩኤ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። «የትናንቱ እጅጌዬ ውስጥ ነው።»

ሹኮ እጅጌውን በቀስታ ገለጠች። ክንዱ አብጦ ጠቁሯል። ቀና ሊል የማይችል ክንድ ነው። «ሐኪም ዛሬውኑ ያየዋል» ብላ መልሳ ሸፈነችው።

ከዚያ ወደ ሙትሱኮ ምግብ ቤት አመሩ። ሙትሱኮ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ወደቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ምግብ ቤት ብቻዋን የምታስተዳድር፣ አንደበተ ስለት ሴት ናት። ሲገቡ ማኬሬል ዓሣ እየገፈፈች ነበር።

«ትናንት ማታ እዚህ ምን ተፈጠረ?» አለች ሹኮ።

«ጌንዞ ዓሣ አመጣ። ስከፍተው የሆዱ ሥጋ ትል በትል። ‹ይሄን ለእንግዳ አላቀርብም፤ መልሰህ ውሰድ› አልኩት። ሰው ፊት መሆኑ ነው ያበሸቀው። ሠራተኛውን ቶራኪቺን በፀጉሩ ያዘና ‹እንደተያዘ ጀልባው ላይ ሆዱን ዘርግፍ አላልኩህም?› ብሎ አፉን ከዚህ ጠርዝ ጋር አላተመው። ጥርሱን ከወለሉ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ይህም አልበቃው። የዓሣውን ጉበት ከነትሉ አፉ ውስጥ ወትፎ፣ አፍንጫውን ይዞ አስዋጠው።»

«ማን ነበር እዚህ?»

«ሰው ሁሉ። የጌንዞ ታናሽ ወንድም ሽንሳኩም ነበር። ማንም አልተነሳም።» ሙትሱኮ ቢላዋን አስቀመጠች። «እኔም አልተነሳሁም። ያውም ቢላ በእጄ ይዤ።»

«ከዚያስ?»

«ቶራኪቺ ወጣ፤ ሽንሳኩ ተከተለው። በመስኮት ሳይ ቶራኪቺ መረቡ ክምር አጠገብ ሽንሳኩ እግር ሥር ተንበርክኳል። ከወንድምህ አስታርቀኝ የሚለው መሰለኝ።»

«እርስዎ ዛሬ ሳይነጋ የት ነበሩ?»

«የአትክልት ነጋዴው መኪና ላይ፣ ጎመን ላመጣ። መንገዱን ሙሉ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራኝ ነበር፤ ይጠይቁት።» ቢላዋን መልሳ አነሳች። «ይሄን ዓሣም ማን እንደሚበላው አላውቅም። ሽንሳኩ ከባሕር እንደተመለሰ አምጥቶ ሰጠኝ። ስለ ወንድሙ የነገሩት ገና መሬት ሳይረግጥ ነው። ልጁ ሀያቴ ባሕር ከወሰደው ወዲህ ብቻውን ነው የሚወጣው፣ የሚገባውም...» ድንገት ቢላዋን ገታች። «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?»

ከማኬሬሉ የሆድ ሥጋ ውስጥ አንድ ትል እንደ ተጠቀለለ ክር ጎልቶ ይታያል። በቢላዋ ጫፍ ሥጋውን ስትገልጥ ሌላ፣ ከሱ ቀጥሎም ሌላ ወጣ።

«የሽንሳኩ ዓሣ ውስጥ ትል አይቼ አላውቅም» አለች ሙትሱኮ። «እሱ እኮ ዓሣው እየተንፈራፈረ ነው የሚያጸዳው።»

ሹኮ ጎንበስ ብላ ትሉን በትንሿ ጣቷ ነካችው። አልተነቃነቀም። «አቼቶ ነክቶታል?»

«ምንም አልነካውም። ቢነካውስ፣ አቼቶ ይገድለዋል ብለው ነው? ሌሊቱን ዘፍዝፈው ቢያሳድሩት ጠዋት ሲዋኝ ያገኙታል።»

«አውቃለሁ። የተማርኩት በሆዴ ነው። እህቴ ሠርግ ላይ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ጥሬ ዓሣ በልቼ፣ ሙሽራው ቤት ወለል ላይ ስንፈራገጥ ሐኪሙ ምጥ መስሎት ነበር።»

ሙትሱኮ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሹኮ ግን ዓሣውን ከነሳህኑ አንስታ «ይሄ ከኔ ጋር ይቆይ» አለች።

ሽንሳኩ ጀልባውን በባልዲ እያጠበ ነበር። ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ናካዛቶና እሱ አብረው ነው ያደጉት፤ መዋኘት የተማሩት በአንድ ቀን፣ ከአንድ ድልድይ ተገፍትረው ነው። የገፈተራቸው ጌንዞ ነበር።

«ዮሺ» አለው ሽንሳኩ። «አሁንም እዚያው ወለሉ ላይ ነው?»

«አንስተነዋል።»

ሹኮ ወደ ጀልባው ጠርዝ ቀረበች። «ለወንድምዎ አዝናለሁ። ዛሬ ሲወጡ ከወደቡ ያየዎት አለ?»

«ጉም ነበር። ስወጣ ማንም አላየኝም፤ ስመለስ ግን መንደሩ ሁሉ አይቶኛል። ማኬሬል ያለው ከደሴቶቹ ወዲያ ነው። በጨለማ ያልወጣ ሰው እኔ በገባሁበት ሰዓት ዓሣ ይዞ አይመለስም፤ ዮሺን ይጠይቁት።»

ናካዛቶ «እውነት ነው» አለ። ከልቡ ነው ያለው።

«የዓሣውን ሆድ የዘረገፉት የት ነው?»

«እዚያው፣ እንደያዝኩት። ጭንቅላቱን እቆርጣለሁ፤ ሆድ ዕቃውን ለባሕር። ቆይቶ ከተከፈተ ትሉ ከሆድ ዕቃ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። አባታችን ለሁለታችንም ነው ያስተማረን፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ገና አፉን ሳይዘጋ ከመረብ ማከማቻው በኩል ሁካታ ተሰማ። ናካዛቶ ሲደርስ ዓሣ አጥማጆቹ ቶራኪቺን ከተደበቀበት በእግሩ ጎትተው አውጥተውት ነበር። አንዱ ጎኑን ይረግጠዋል፤ ሌላው በወፍራም ገመድ ጀርባውን ይገርፈዋል። ናካዛቶ በዱላው የገራፊውን አንጓ መታና ከቶራኪቺ በላይ ቆመ።

«ቀጣዩን የምመታው ጭንቅላቱን ነው» አለ። ማንም ቀጣዩ መሆን አልፈለገም።

ቶራኪቺ ገላው ታጥፎ፣ ጉልበቱን ከደረቱ አጣብቆ ላብ አጥምቆታል። የተሰበረ አፉ አብጧል። ሹኮ ተንበርክካ ፊቱን አየች፤ ሕመሙ መጣ ሲል ዓይኑ እንደሚፈጥ፣ ሄድ ሲል እንደሚፈዝ ልብ አለች።

«እነሱ የረገጡህ ነው የሚያምህ ወይስ ሌላ?»

«ሌላ ነው። እዚህ፣ ከልቤ ሥር። ሌሊቱን ሙሉ ውስጤ ሰው ሚስማር ሲመታ ነው ያደረው። ቤት አከራዬ እንኳ ‹አታስተኛኝም› ብላ ግድግዳውን ስትደበድብ አድራለች።»

«ወደ ሐኪም ቤት» አለች ሹኮ።

የመንደሩ ሐኪም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በቶራኪቺ ጉሮሮ አሳልፎ፣ ጨጓራው ግድግዳ ላይ የተሰካውን ትል በመቆንጠጫ ነቅሎ አወጣ። ናካዛቶ ውጭ ቆሞ ነበር። ሹኮ ብቻዋን ከበሽተኛው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋግራ ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል።

«ሁለት ነገር እፈልጋለሁ» አለችው። «ዛሬ ከገባ ከሌላ ጀልባ ማኬሬል ይግዙልኝ፤ ያልተከፈተ። ሁለተኛ፣ ሽንሳኩ ለመንጠቆ ማባበያ የሚሆነውን ዓሣ የሚያኖርበትን ዲፕ ፍሪዝ ከፍተው ይዩልኝ።»

«ለምን የሽንሳኩን?»

«ይዩትና ይንገሩኝ።»

«ሌላ ሰው ይላኩ።»

«እርስዎ ምንም ባያገኙ ደስ የሚልዎት ሰው ነዎት። ስለዚህ አገኘሁ ካሉኝ አምናለሁ።»

ናካዛቶ ሄደ። የዲፕ ፍሪዙን ክዳን ካነሳ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሊዘጋው አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሙትሱኮ ምግብ ቤት ተሰበሰቡ። ሀሩኤ ክንዷ በጨርቅ ታስሮ በሩ አጠገብ፣ ሽንሳኩ ከመስኮቱ ሥር፣ ቶራኪቺ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጡ። ሙትሱኮ ከመክተፊያ ሰሌዳዋ ኋላ ቆመች፤ ናካዛቶ በሩ ላይ።

«ገዳዩ ቶራኪቺን እንድንይዝለት ብዙ ደክሟል» ብላ ጀመረች ሹኮ። «በቶራኪቺ ሜንጦ ገደለ። ከገደለ በኋላም ትናንት እዚህ የተደረገውን በሬሳው ላይ ደገመው። ስለዚህ ትናንት እዚህ የነበረ፣ ወይም የሰማ ሰው ነው። ቶራኪቺ ግን ሌሊቱን ትል ሲበላው፣ አከራዩ በግድግዳው በኩል ስትሰማው ነው ያደረው። ጌንዞን የሚያህል ቁመተ ረጅም ሰው ከላይ ወደ ታች ደጋግሞ መምታት ቀርቶ፣ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም ነበር። ትሉን ሐኪሙ ከነነፍሱ አውጥቶታል።»

ወደ ሀሩኤ ዞረች። «እርስዎ ለመግደል ከማንም የበለጠ ምክንያት ነበርዎት። ግን ያንን ሜንጦ በአንድ እጅ ያን ያህል ከፍ አድርጎ ማንሳት አይቻልም፤ ሌላውን እጅዎን ደግሞ ራሱ ጌንዞ ሰብሮታል። ሙትሱኮ ከአትክልት ነጋዴው ጋር ነበሩ፤ ጠይቄዋለሁ፤ ስለ ጉልበቱም ሰምቻለሁ። ከጠረጠርኳቸው የቀሩት ሽንሳኩ ናቸው። እሳቸው ባሕር ላይ ነበርኩ ይላሉ፤ ምስክራቸውም ዓሣው ነው። እንግዲህ ዓሣውን እንጠይቀው።»

ሁለት ጥቁር ሳህኖች አቀረበች። «በዚህኛው ዛሬ ሌላ ጀልባ ካመጣው ማኬሬል ሆድ ዕቃ የለቀምኳቸው ትሎች አሉ። በዚህኛው ከሽንሳኩ ዓሣ ሥጋ የወጡት። ሙትሱኮ፣ ለብ ያለ ውሃ።»

ሙትሱኮ አፈሰሰች። በመጀመሪያው ሳህን ትሎቹ ከተጠቀለሉበት ተፈቱ፤ እየተጠማዘዙም ወደ ሳህኑ ጠርዝ ሸሹ። በሁለተኛው ሳህን ውሃው ብቻ ተወዛወዘ። ሁሉም ጠበቁ። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

«አንደኛ» አለች ሹኮ፣ «እነዚህ የወጡት ከሥጋው ነው። ሽንሳኩ እንዳሉት ዓሣው እየተንፈራፈረ ቢከፈት ኖሮ ሆድ ዕቃው ውስጥ ቀርተው ከሱ ጋር በተጣሉ ነበር። ይህ ዓሣ ከሞተ በኋላ ሳይከፈት ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሞተዋል። አቼቶ አልነካቸውም፤ እሳት አልነካቸውም። እንዲህ እንዳሉ አንድም ሳይቀር የሚገድላቸው የቀናት በረዶ ብቻ ነው። ማነው ማኬሬል ሳይከፍት፣ ሳይጨነቅ በረዶ ውስጥ የሚወረውረው? ለመንጠቆ ማባበያ የሚያዘጋጅ ሰው። ጭንቅላቱ የተቆረጠውም የበረዶ ዓሣ ዓይን ስለሚደፈርስ ነው። ናካዛቶ፣ ምን አዩ?»

ናካዛቶ ጓደኛውን ማየት አልቻለም። «የላይኛው ረድፍ ተነስቷል» አለ። «በረዶው... አዲስ የተላቀቀ ነው።»

ሽንሳኩ በቀስታ ራሱን ነቀነቀ። «አንተን ነው የላኩህ፣ ዮሺ?»

«ወንድምዎን ገድለው፣ ደሙን ከላይዎ በባሕር ታጥበው፣ የቀለጠውን ዓሣ ጉሙ ውስጥ አጽድተው፣ ሲገለጥ ተመለሱ» አለች ሹኮ። «ምክንያቱን ግን መናገር ያለብኝ እኔ አይደለሁም። ቶራኪቺ፣ ትናንት ተንበርክከህ ያልከውን እዚህ ድገመው።»

ቶራኪቺ ባበጠ አፉ ተናገረ። «ሀያቴ ከጀልባው ተንሸራትቶ አልወደቀም። ‹ዓሣውን ቶሎ አልከፈትክም፣ ትል ሊገባበት ነው› ብሎ ጌንዞ በሜንጦው እጀታ ጭንቅላቱን መታው። ወደ ባሕር ሲወድቅ ነፍስ አልነበረውም። ‹ብትተነፍስ ትከተለዋለህ› አለኝ። ፈራሁ። ትናንት ግን ያንን ሲያስውጠኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርገኝ ነው አልኩ።»

ሀሩኤ አፏን በጤነኛው እጇ ሸፈነች። ማንም ሽንሳኩ ሲነሳ አላየም። ሰሌዳው ላይ የነበረውን ቢላ መንጭቆ፣ ጠረጴዛውን በደረቱ ገልብጦ ቶራኪቺ ላይ ወደቀ። ሳህኖቹ ተሰባበሩ። የመጀመሪያው ምት ግድግዳውን ፋቀው፤ ሁለተኛው የቶራኪቺን ጆሮ ሰነጠቀ። ናካዛቶ ዱላውን ለማውጣት ጊዜ አልነበረውም። ሦስተኛው ሲሰነዘር ስለቱን በባዶ እጁ ያዘው።

ቢላው መዳፉን እስከ አጥንቱ ዘለቀው። አለቀቀም። ደሙ በሽንሳኩ አንጓ ላይ ወረደ፤ ሁለቱ በዚያ ሁኔታ፣ ግንባር ለግንባር፣ እያቃሰቱ ተፋጠጡ።

«ዮሺ፣ ልቀቀው።»

«አንተ ልቀቀው።»

ሽንሳኩ ደሙን አየ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ።

«ቶራኪቺ ይህን እያወቀ ክረምቱን ሙሉ ከኔ ጋር ሩዝ በልቷል» አለ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ። «ከልጄ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ። ‹አይዞህ› ሲለኝ ነበር።»

ሹኮ ቢላውን በእግሯ አራቀች። «በሱ ሜንጦ የገደሉትም ለዚህ ነው።»

«አዎ። አንዱን በእጄ፣ ሌላውን በእጃችሁ።»

ቶራኪቺ ጆሮውን ይዞ፣ በግንባሩ ወለሉን ነካ። «ልክ ነህ» አለ። «ሌላም አለ። ጌንዞ ለፈላጊዎቹ የነገራቸው ቦታ ውሸት ነው። የወደቀው በደቡብ በኩል አይደለም። ከሰሜኑ ጥቁር ዐለት በታች ነው።»

ሽንሳኩ ልጁ ከጠፋ ጀምሮ በየንጋቱ ብቻውን ጀልባ የሚያስነሳው ለማኬሬል ብቻ እንዳልነበረ በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተረዳ ሰው አልነበረም።

«እኔ ደቡቡን ስፈልግ ነው የከረምኩት» አለ።

ከዚያ በፈሰሰው ውሃ ላይ፣ ከተሰባበሩት ሳህኖች መሃል፣ በጣቱ የዐለቱን ቅርጽ ሣለ።  «ሞገዱ እዚህ ዞሮ ይገባል። እዚህ ጋ ስንጥቅ አለ፤ የገባው ዕቃ አይወጣም። ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው የሚታየው። ዮሺ፣ ጀልባውን አታስጠጋው፤ በገመድ ውረድ።»

ሹኮ እስረኛውን አምጪ እየተባለ ከከተማው ፖሊስ ጣቢያ ተደጋግሞ ሲደወልላት ስልኳን አላነሳችም። በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ጀልባዎች ወደ ሰሜን ወጡ። ናካዛቶ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ በፊተኛው ላይ ነበር፤ ቶራኪቺ ከፊት ቆሞ ይጠቁማል። ሀሩኤም ሳትጠየቅ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ሽንሳኩ በካቴና ታስሮ፣ ወደቡ ዳር በቆመችው መኪና ውስጥ ከሹኮ ጎን ተቀምጦ ጠበቀ። ሩዝ አመጡለት፤ አልነካውም። ስለ ፍርዱም፣ ስለ ወንድሙም አላነሳም።

ጀልባዎቹ ቀስ ብለው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ተመለሱ። ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ወደቡ ላይ ቆመዋል። በፊተኛው ጀልባ ወለል ላይ፣ በሀሩኤ እግር ሥር፣ በአዲስ ሸራ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አለ።

ናካዛቶ ወደ መኪናዋ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ሹኮ በሩን ከፈተች፤ ሽንሳኩም ልጁን ለመቀበል ወረደ።